ጉሙ ለምን አስፈለገ? በደሴ ለወጣት ሠዓሊዎችና ፕሮግራመሮች የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! አሰላሙ አለይኩም! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? እሺ፣ ጥሩ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከኮምቦልቻ የመጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችኋቸው? ጃኬት ያልያዙት እነሱ ናቸው። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት ሲወጡ አየሩ እንደሚለወጥ እያወቁ ሁልጊዜ በሸሚዝ ይመጣሉ። ለቀልድ ብቻ አላልኩትም፤ የዛሬው ወሬዬ እኩሌታው ስለዚያ አቀበት ነው።

መድረክ መሪው «የቪዲዮ ጌም ሠዓሊ» ብሎ አስተዋወቀኝ። ነበርኩ። አሁን ሸዋ በር አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ጌም እንሠራለን፤ እኔ አርት ዳይሬክተሩ ነኝ። ሰው ስለሚያንሰን የክሪኤቲቭ ዳይሬክተሩንም ሥራ ደርቤ ይዣለሁ። በትልልቅ ኩባንያዎች ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ክሪኤቲቭ ዳይሬክተሩ ተጫዋቹ ምን እንዲሰማው እንደሚፈለግ ይወስናል፤ አርት ዳይሬክተሩ ያ ስሜት በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ይወስናል። እኔ ዘንድ ሁለቱ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ይጣላሉ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጎረቤት «ልጄ ኮምፒውተር ቤት ነው የሚሠራው» ትላለች። አላረምኳትም።

ሦስት ነገር ልናገር አስቤያለሁ። አንደኛው ስለ ቅኝት፣ ሁለተኛው ስለ እርሳስ፣ ሦስተኛው ስለ ጉም። ሁለተኛው ላይ ከቆየሁ ታገሡኝ፤ ስለማፍርበት ነው የምቆየው።

ከቅኝት ልጀምር። ወሎ ውስጥ ቆሞ ስለ ቅኝት ማውራት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ በዚሁ በአገራችን ቦታዎች ስም ነው የሚጠሩት። ቅኝት ምንድን ነው? አምስት ድምፅ መርጦ የቀረውን መተው ነው። ክራሩ በባቲ ከተቃኘ በኋላ የሚመታው ሰው ይሩጥ፣ ይዘግይ፣ ያልቅስበት፣ ያስጨፍርበት፤ ባቲነቱን አይለቅም። የቃኘው ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጣቱን መጠበቅ የለበትም። ያልተቃኘ ክራር ግን ማንም ጎበዝ ቢመታው ጆሮ ያቆስላል።

አርት ዳይሬክተር ማለት ቃኚ ነው። መቺ አይደለም። ቃኚ ነው! ይህን ለመረዳት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንድትይዙት ነው የመጣሁት።

እኛ በምንሠራው ጨዋታ አንዲት ልጅ አሞሌ ጨው የተጫነች በቅሎ እየነዳች ከባቲ ገበያ ትነሣለች፤ በኮምቦልቻ አልፋ፣ ሐረጎን ወጥታ ደሴ ትገባለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ጭራቅ የለም፣ ጠመንጃ የለም። ባላንጣዋ አቀበቱ ነው። ሥራውን ስንጀምር ሁለቱ ሠዓሊዎቻችን በየፊናቸው ሠሩ። አንዱ የባቲን ገበያ ፎቶ እስኪመስል አሳመረው። ሌላዋ የደሴን ቤቶች እንደ ልጆች መጽሐፍ ሥዕል ክብ ክብ አድርጋ ሠራቻቸው። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም የሚያምሩ ነበሩ። ስናገጣጥማቸው ግን ሁለት ሰርግ አንድ ድንኳን ውስጥ የገባ መሰለ።

ጥፋቱ የማን ነው? የእነሱ ነው? አይደለም። እኔ አልቃኘሁም ነበር። «ቆንጆ አድርጋችሁ ሥሩ» ብዬ ነበር የሄድኩት። ቆንጆ ማለት ምን ማለት ነው? ለአንዱ አንድ ነው፣ ለሌላዋ ሌላ።

እንደገና ስንጀምር አንድ ረጅም ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በስተግራ ባቲ፣ በስተቀኝ ደሴ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ይህን ልዩነት እግራችሁና ሳንባችሁ ያውቁታል። ዓይንስ በምን ይወቀው? በቀለም። ለእያንዳንዱ ቦታ አምስት አምስት ቀለም መረጥን። ባቲ ላይ የደረቀ ሣር ቢጫ፣ የጨው ነጭ፣ የአቧራ ቡኒ። ከፍ እያልን ስንሄድ ቢጫው ይቀንሳል፣ ሰማያዊው ይገባል፤ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ስንደርስ የባሕር ዛፍ አረንጓዴና የቆርቆሮ ግራጫ ብቻ ይቀራል። ከባቲ እስከ ደሴ የማይለወጥ አንድ ቀለም ብቻ አለ፤ የልጅቷ ሻሽ ቀይ። ቀይ ሌላ ቦታ አይገባም አልን።

ሕግ ማውጣት ቀላል ነው። በሳምንቱ የባቲው ሠዓሊ ገበያው ውስጥ የቲማቲም ክምር ሠርቶ መጣ። እንዴት ያለ ቲማቲም መሰላችሁ! ውሃ ተርከፍክፎበት ያበራል። ጨዋታውን ለሰፈር ልጆች ሰጥተን ስናይ ሁሉም በቅሎዋን እየነዱ ወደ ቲማቲሙ ሄዱ። አንዱ ልጅ «እንዴት ነው የሚገዛው?» ብሎ ጠየቀን። ዓይኑ ቀይን ተከትሎ ነው የሄደው። ቲማቲሙ ይውጣ አልኩ። ሠዓሊው ተቆጣ። «ቲማቲም የሌለበት ምን ገበያ አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለም። ቢሆንም ወጣ፤ በቦታው ቃሪያ ገባ። ያ ቲማቲም እስከ ዛሬ የኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ የጀርባ ሥዕል ነው። ይቅርታ የጠየቅኩት በዚያ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ልጅ ሆኜ ፒያሳ አካባቢ የሱቅና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ የሚሥሉ አንድ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ቀለም አቀብላቸው ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ብሩሽ ካሳረፉ በኋላ ሥራቸውን ትተው መንገዱን ይሻገሩና ከማዶ ሆነው ያያሉ። ይመለሳሉ፤ እንደገና ይሻገራሉ። መኪና ሊገጫቸው ነው እያልኩ እሳቀቅ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከዚሁ አይታይዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለእኔ ይታየኛል፤ ደንበኛው ግን የሚያየው ከታክሲ ላይ ሆኖ ነው» አሉኝ።

ስለ ጌም ሥዕል ከዚህ የተሻለ ትምህርት እስካሁን አላገኘሁም። ሠዓሊው ሥራውን ትልቅ ስክሪን ላይ አጉልቶ ነው የሚያየው። ተጫዋቹ የሚያየው መዳፍ በምታክል ስልክ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሚኒባስ እያንገጫገጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የጃፓኑ ሺገሩ ሚያሞቶ ኋላ ማሪዮ የተባለውን ሰውዬ ሲፈጥር ፊቱን ለመሥራት የነበሩት ነጥቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አፍ መሥራት አልተቻለም፤ ጢም አደረገለት። ፀጉር ሲንቀሳቀስ ማሳየት አስቸገረ፤ ኮፍያ ደፋለት። እጁ ሲወዛወዝ ከሰውነቱ እንዲለይ ቱታ አለበሰው። ያ ጢም ጌጥ አይደለም፤ መንገድ ተሻግሮ የማየት ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው በሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ደግሞ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ቅርጽ ናቸው። ቀለሙ ነው የተለወጠው። ስንቶቻችሁ አስተውላችኋል? እኛም የባቲን ገበያተኛ የሞላነው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ዘጠኝ ሰው ሠርተን ሽርጡን፣ ጋቢውን፣ የተሸከመውን ዕቃ እየለዋወጥን። አሁን በእግራችሁ የሰኞ ገበያውን የምታውቁት «ይቺን ሴትዮ ሦስት ጊዜ አየኋት» እንዳትሉኝ አደራ!

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሂድ። ስለ እርሳስ።

ከሁለቱ ሠዓሊዎች አንዷ ወጣት ናት፤ በቅሎዋን የሠራችው እሷ ናት። ዘጠኝ ቀን ሠራችባት። በዘጠነኛው ቀን ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ እኔ ቀረሁና ፋይሉን ከፈትኩ። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላለች፣ አንገቷ ዝቅ ብሏል። አላማረችኝም። «ላስተካክላት» አልኩ። ጆሮዋን አቆምኩ፣ አንገቷን ቀና አደረግኩ፣ ደረቷን ሞላሁ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሠራሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከረጅም ጊዜ በኋላ ሥዕል መሥራቴ ነበር። ፋይሉን በዚያው ስሙ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት መጣች። ሻይዋን አስቀመጠች። ፋይሉን ከፈተች። ጆሮውን አጎላችው። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ «እንዴት አምራለች!» ልትለኝ የምጠብቅ ይመስል ቆሜያለሁ። ምንም አላለችም። መልሳ አሳነሰችው፣ ሻይዋን ጠጣች፣ ሌላ ሥራ ከፈተች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራዋ ግማሽ ግማሽ ሆኖ ይመጣ ጀመር። ኮርቻው አለ፣ መጫኛው የለም። የፊት እግር አለ፣ የኋላው በመስመር ብቻ ተጀምሮ ቀርቷል። አንድ ቀን ጠራኋትና «ይህ እግር ለምን አላለቀም?» አልኳት። በትሕትና፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «ጋሼ፣ ለማንኛውም ማታ ያስተካክሉት የለም እንዴ?» አለችኝ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆየት ብዬ ስለ ጆሮው ጠየቅኋት። ለምን ወደ ኋላ ጣልሽው? ያደገችው ኩታበር ነው፤ ቤታቸው በቅሎ ነበር። «ደክሟታላ» አለችኝ። «ስትደክም እንዲህ ታደርጋለች። ትንሽ ስታርፍ አንዱን ጆሮ ታነሣለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን።» ይህን ስትናገር ፕሮግራመሩ ከኮምፒውተሩ ዘወር አለ። በዚያን ጊዜ ስክሪኑ ጥግ ላይ የበቅሎዋን ድካም የሚያሳይ አረንጓዴ መስመር ነበረን፤ ድካሙ ሲበዛ መስመሩ ያጥራል። ሁላችንም እንጠላው ነበር፤ የሚተካው ግን አላገኘንም። ለካ መልሱ ጆሮው ላይ ኖሯል! ለካ ሌሊት ቁጭ ብዬ ያጠፋሁት እሱን ኖሯል! አሁን መስመሩ የለም። ተጫዋቹ የበቅሎዋን ጆሮ አይቶ ያሳርፋታል።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው በሰው ፋይል ላይ እርሳስ ላለማንሣት የወሰንኩት። ማሳየት ካለብኝ በሌላ ወረቀት ላይ፣ ሠዓሊው አጠገቤ ተቀምጦ እያለ ነው። ከዚያ በፊት ግን እጠይቃለሁ። ተጫዋቹ እዚህ ቦታ ምን ማወቅ አለበት? ዓይኑ በመጀመሪያ የት ይረፍ? ምኑ ቢወጣ አይጎድልም? በቡድናችን ውስጥ የተከለከሉ አባባሎችም አሉን። «ሕይወት ይጎድለዋል» አንዱ ነው። ሕይወት ይጎድለዋል የተባለ ሰው ነገ ጠዋት ተነሥቶ ምን ይሥራ? እፍ ይበልበት?

ግን ደግሞ አደራ፣ ወደ ሌላው ገደል እንዳትገቡ። እርሳስ አላነሣም ማለት ዝም እላለሁ ማለት አይደለም። እኛ ወሎዬዎች ይሉኝታችን ብዙ ነው። ለአንድ ሠዓሊ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ በርታ» እያልኩ ሁለት ወር አሠርቼው ሥራው በሙሉ የወጣበት ጊዜ አለ። በሁለተኛው ቀን «ይህ ለጨዋታችን አይሆንም» ብለው ኖሮ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያኮርፍ ነበር። አሁን ያኮረፈው በሁለት ወሩ ልክ ነው፤ ቢያኮርፍም አልፈርድበትም።

ሦስተኛው ጉም ነው። ሰዓቱ ስንት ሆነ? አለን፣ አለን።

ደሴን ሥሎ ጉም አለመሥራት አይቻልም። እኔ ደግሞ ጉም እወዳለሁ። ስለዚህ የሐረጎው ክፍል ላይ ጉም ይብዛ አልኩ። ሠሩልኝ። ይጨመር አልኩ። ጨመሩ። በመጨረሻ ስምንት አንሶላ ጉም አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበ። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ስልክ ላይ ስንጭነው ስልኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትኩስ ዳቦ ሆነ፤ በቅሎዋም እየቆመች እየቆመች መሄድ ጀመረች።

ለምን? ሒሳቡን ላሳያችሁ፤ ሠዓሊዎች እንዳትተኙ፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። የአንድ ርካሽ ስልክ ስክሪን ወርዱ 720፣ ቁመቱ 1,600 ነጥብ ነው እንበል። በድምሩ 1,152,000 ነጥብ። ድንጋይ ብትሥሉ ከኋላው ያለው ስለማይታይ ስልኩ የተሸፈነውን ሊዘለው ይችላል። ጉም ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ስልኩ ከኋላ ጀምሮ እያንዳንዱን አንሶላ በየተራ መቀባት አለበት። ስምንቱም ስክሪኑን ከሸፈኑ ከ9 ሚሊዮን በላይ ቅብ ነው፤ ለአንድ ሥዕል። በሴኮንድ 30 ሥዕል ማሳየት አለብን፤ ከ276 ሚሊዮን በላይ ቅብ በየሴኮንዱ፣ ለጉም ብቻ! ለአንዱ ሥዕል የተሰጠን ጊዜ ደግሞ 33 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ በዚያ ውስጥ በቅሎዋም፣ ልጅቷም፣ መንገዱም፣ ባሕር ዛፉም መግባት አለባቸው።

ፕሮግራመሩ ወንበሩን አዙሮ «ጉሙ ለምን አስፈለገ?» አለኝ። ተናደድኩ። ደሴ ተወልደህ ጉም ለምን ትላለህ አልኩት። ልጁ አልተናደደም። «ገባኝ፣ ጉም አለ። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ምን ይሠራል ነው ያልኩት» አለ። ዝም አልኩ። ለሠዓሊዎቼ በየቀኑ የምጠይቀውን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ እዚህ ምን ልታደርግ ነው ብሎ አየኝ። ወረድኩ። ከፊቴ አሥር እርምጃ ያህል አይታይም። መንገዱ ዳር ጥጌን ይዤ ቆምኩ። በመጀመሪያ የሰማሁት የከባድ መኪና ሞተር ነው፤ ያቃስታል። ቆይቶ መብራቱ እንደ ሁለት የደበዘዘ ሳንቲም ታየ። መኪናው ራሱ የታየኝ አጠገቤ ሲደርስ ነው። ካለፈ በኋላ ከታች በኩል የከብት ቃጭል ሰማሁ። ከብቶቹን እስከ መጨረሻው አላየኋቸውም።

ጉም ምን እንደሚሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። ጉም ዓይንን ከልክሎ ጆሮን ያነቃል! እኔ ግን ጉሙን እንደ ጌጥ፣ እንደ መጋረጃ ነበር የደረደርኩት።

በነገራችን ላይ ጉምን ለሥራ ያዋሉ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሳይለንት ሂል የተባለው የጃፓን ጨዋታ በጉም የተዋጠ ከተማ ነው። የዚያን ጊዜው የጨዋታ ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን፣ ሩቅ ያለውን ከተማ ሁሉ መሣል አይችልም ነበር። ሠሪዎቹ ያልተሣለውን በጉም ሸፈኑት፤ ተጫዋቹ ደግሞ ከጉሙ ውስጥ ምን ይወጣ ይሆን እያለ ተሸበረ። የማሽኑ ድካም የጨዋታው መልክ ሆነ።

እኛም ስምንቱን አንሶላዎች አነሣን። በምትካቸው ነገሩ ከተጫዋቹ በራቀ መጠን ቀለሙ ወደ ግራጫ እንዲሳብ አደረግን። ይህ አንድ ቀላል ስሌት ነው፤ የሚደራረብ የለም፤ ስልኩም ቀዘቀዘ። ከዚያ ድምፅ ሠሪያችንን ጠራነው። የስምንት ወር ሥራው የባቲ ገበያ ጫጫታ ብቻ ነበር፤ ምስኪን፣ «እኔን ለምን ቀጠራችሁኝ?» ይለን ነበር። አሁን የሐረጎ ክፍል የእሱ ሆነ። ጉሙ ሲወፍር መንገዱ ይጠፋል፤ ልጅቷ ቃጭሉን ተከትላ ነው የምትወጣው። ገደሉ ወዳለበት ስትጠጋ የቃጭሉ ድምፅ ማስተጋባቱን ይቀይራል። የጨዋታችን ምርጡ ክፍል እሱ ነው፤ ከተሣለው ይልቅ ያልተሣለው ይበዛበታል። አርት ዳይሬክተር ነኝ ለሚል ሰው ይህን ማመን ቀላል አይደለም።

«በምን እንጀምር?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል። ባለሦስት ገጽታ ቅርጽ የሚሠራበት ብሌንደር በነፃ ነው፣ ሥዕል የሚሣልበት ክሪታ በነፃ ነው፣ ጌም የሚገጣጠምበት ጎዶት በነፃ ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ሥሩ፣ በሌለበት ወረቀት ላይ ንድፍ አውጡ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ዝርዝሩን ሻይ ላይ አገኛችኋለሁ።

አሁን እባካችሁ የፊት ለፊቱን መብራት አጥፉልን። ስልኩ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተገናኝቷል? በቅሎዋን የሠራችው ልጅ እዚህ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እንደማትፈልግ እየነገረችኝ ነው፣ ግን ትመጣለች። ነይ። ሐረጎን የምትወጣው እሷ ናት፤ ስልኩን እሷ ትይዛለች፣ የምትጠይቁትንም እሷ ትመልሳለች። እኔ ወርጄ ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ። ድምፁን ከፍ አድርጉት፤ ምንም ሳይታይ በፊት ቃጭሉ ነው የሚሰማው።